የሁዳዴ ቅቤ

ያንን ሰውዬ እግዚአብሔር እንዲቀጣልኝ የጸለይኩትን ያህል ለገዛ ነፍሴ አልጸለይኩም። እውነቴን ነው። ጠዋት ጠዋት እንበረከክና "ጌታ ሆይ፣ ባሌን ጠብቅልኝ" እላለሁ፤ ከዚያ ትንፋሽ ሳልወስድ "ያንን ደግሞ ድፋልኝ!" እንዴት እንደሚደፋም በዝርዝር እነግረዋለሁ። መጀመሪያ ምላሱ ይታሰር፣ ቀጥሎ እግሩ ይያዝ፣ ሚስቱም ትሽሸው። ለእግዚአብሔር ሥራ ማቅለሌ ነበር።

ሰውዬው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር። ናዝሬት ውስጥ የእሱን ግቢና የእኛን ግቢ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ባሌ አናጺ ስለሆነ የሰውዬውን በርና መስኮት፣ የሚተኛበትን አልጋ ሳይቀር የሠራለት እሱ ነው። ያኔ "ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ" ይለው ነበር። አብዮቱ መጥቶ ሽጉጥ ሲታጠቅ ግን አልጋውን ማን እንደሠራለት ጠፋው።

እኛ ጴንጤዎች ነን። በዚያ ዘመን ጴንጤ ማለት ስድብ ነበር፤ ውሃ ስቀዳ እንኳ "መጤ ሃይማኖት" እያሉ ከወረፋ ያስወጡኛል። የምንሰበሰብበት ቤት ከታሸገ በኋላ በየቤታችን ተደብቀን ነው የምንጸልየው። እኔ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ የኛ ቤት ተመራጭ ነበር። ሌሎቹ በሹክሹክታ ሲዘምሩ አንዷ እህት የስፌት መኪናዬን ትረግጣለች፣ ድምፃችን ወደ ውጭ እንዳይሰማ። ስንት ብጫቂ ጨርቅ ያለ ክር እንደተሰፋ እኔ ነኝ የማውቀው።

የቀበሌ ስብሰባ እሑድ ጠዋት ነበር። ሆን ብለው ነው፣ ሌላ ቀን ጠፍቶ መሰላችሁ? በስብሰባው መጨረሻ ሁሉም ግራ እጁን ያነሳል፤ ሊቀመንበሩ "ከሁሉም በላይ!" ሲል ሕዝቡ "አብዮቱ!" ብሎ ይመልሳል። ባሌ እጁን ያነሳል፤ አፉን ግን አይከፍትም። ለብዙ ጊዜ በሰው መሐል ተደብቆ አለፈ። አንድ እሑድ ግን ሊቀመንበሩ አየው።

"አንተ አናጺ! አፍህ ውስጥ ሚስማር ይዘሃል እንዴ?"

ሰው ሳቀ። አናጺ ሲሠራ ሚስማር በከንፈሩ እንደሚይዝ የማያውቅ የለም። ባሌ ሲናገር ዝግ ያለ ሰው ነው፤ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ።

"ኧረ የለም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ከሁሉም በላይ ያለው ቦታ ተይዟል ብዬ ነው።"

ከኋላ አንዱ በሳቅ ፈነዳ፤ እሱን ተከትሎ ሁሉም ሳቀ፣ አሁን የሚስቁት በሊቀመንበሩ ላይ ነው። ባሌን ያሳሰረው ንግግሩ አይደለም፤ ያ ሳቅ ነው። ሰውዬው ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ፤ እዚያው ወንበሩ ላይ ሳለ አስያዘው።

በማግስቱ ቢሮው ሄጄ እግሩ ላይ ወደቅሁ። እኔ! በአጥር ላይ በርበሬና ጨው ያበደርኩት ሰው እግር ላይ! "እኔ አልያዝኩትም፣ አፉ ነው የያዘው" አለኝ። ከፈለገ ግን በሕዝብ ፊት አንዴ፣ ጮክ ብሎ፣ "ከሁሉም በላይ አብዮቱ" ይበልና በዚያው ወደ ቤቱ ይሂድ። ያለዚያ ወደ ትልቁ እስር ቤት ይላካል። ባሌ ደረቱን ያመዋል፤ ስንት ዓመት የእንጨት ብናኝ የዋጠ ደረት ነው። ሲሚንቶ ላይ አንድ ክረምት ከተኛ እንደማይወጣ አውቃለሁ። እናም በቀበሌው እስር ቤት ጠባቂ በኩል "አንዴ ብለኸው ውጣ፤ እግዚአብሔር ልብህን ያያል" ብዬ ላክሁበት። የመጣልኝ መልስ ምን ይሁን? "ቦታው እንደተያዘ ነው በላት።" ሳቅሁ፣ ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ወደ ትልቁ እስር ቤት ወሰዱት።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ስንቅ ማመላለስ ሆነ። በየቀኑ ሳህኑን በጨርቅ ቋጥሬ፣ አቧራው ዓይኔን እየሞላው፣ የጋሪ ፈረሶቹን አልፌ ከበሩ እቆማለሁ። ጠባቂዎቹ መርዝ እንዳይኖርበት ብለው ፊታቸው ያስቀምሱኛል። የትናንቱ ባዶ ሳህን ይሰጠኛል። ባሌን ማየት አይፈቀድም፤ የማየው ሳህኑን ብቻ ነው። በደህናው ቀን ጥቂት ትርፍራፊ ይኖረዋል፤ ልማዱ ነው፣ ጠርጎ አይበላም።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት ጂፕ መጥቶ ጎረቤቴን ሊቀመንበሩን ጭኖ ሄደ። ምን እንዳደረገ እስከ ዛሬ በቅጡ አላወቅሁም። አለቃውን ሰደበ ያለም አለ፣ የቀበሌውን ስኳር ሸጠ ያለም አለ። ሚስቱ በዚያው ሰሞን ልጆቿን ይዛ ወደ ወላጆቿ ወደ አቦምሳ ተሰወረች። እኔ ምን አደረግሁ? በሬን ዘጋሁ፣ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ወተፍኩና እልል አልኩ! እስኪደክመኝ ዘለልኩ። "ጌታ ታማኝ ነው!" አልኩ። ያኔ የእግዚአብሔር ታማኝነት ይህ ነበር የመሰለኝ፤ እኔ ያዘዝኩትን ማድረስ።

ብዙም ሳይቆይ ሳህኑ ተልሶ መምጣት ጀመረ። ጨመርኩለት። እሱም ተልሶ መጣ። ራሴ እየቀነስኩ ለእሱ ጨመርኩ። በሩ ላይ የሚቆመውን ጠባቂ፣ ክፋት የሌለው የገጠር ሰው ነው፣ "ወንድሜ፣ ባሌን ምን ነካው? እንዲህ አይበላም ነበር" አልኩት።

"እትዬ፣ አልሰማሽም እንዴ? ሁለት ሆነው እኮ ነው የሚበሉት። ያ የቀበሌያችሁ ሊቀመንበር እዚሁ ነው ያለው። ስንቅ የሚያመጣለት የለም፤ ባልሽ ከሳህኑ ያጎርሰዋል።"

ወይ ጉድ! ወይ የኔ ጉድ! ዓይኔን አሞጭሙጬ የሰፋሁበት፣ እኔ ጦሜን አድሬ የቋጠርኩት እንጀራ በዚያ ሰውዬ ጉሮሮ ሊወርድ! ደሜ ፈላ። ስንቁን ብቀንስ የሚራበው ባሌ ነው፤ ያለችውንም ከመሐል ይከፍላታል፣ አውቀዋለሁ። ባልቀንስ ጠላቴን እየቀለብኩ ነው። መንገዱን ሙሉ ብቻዬን ስለፈልፍ ሄድኩ፤ ያየኝ ሰው አብዳለች ሳይል አልቀረም።

መላው የመጣልኝ ሁዳዴ ሲገባ ነው። ሰውዬው በስብሰባ ሃይማኖት ማደንዘዣ ነው፣ እግዚአብሔር የለም እያለ ይለፈልፍ እንጂ፣ በጓዳው የጾም ድስት ከፍስክ ድስት ጋር ከተነካካ ሚስቱን በጩኸት የሚያባርር ጾመኛ ነበር። አጥር ምን ይሸሽጋል? ሥጋ የነካ ቢላዋ ሽንኩርት ቆረጠ ብሎ ወጥ ሲያስደፋ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኛ ጴንጤዎች ደግሞ ሁዳዴን አንይዝም። እና ባሌ የሚበላው፣ እሱ ግን የማይነካው ምግብ አለ ማለት ነው። ቅቤ!

ገበያ ሄድኩ። ከአርሲ በኩል ቅቤ ይዛ የምትመጣ አንዲት ኦሮሞ ደንበኛ አለችኝ፣ እስላም ናት። "አካም ጂርታ!" ብላ ሳመችኝ። በሁዳዴ ክርስቲያኑ ስለማይገዛ ቅቤ ይረክሳል፤ በርከት አድርጌ ገዛሁ። ሽሮውን በቅቤ አንቸፈቸፍኩት። እንቁላል ጨመርኩበት። ሽታው ሰፈሩን አውዶት የጾሙ ጎረቤቶቼ አፍንጫቸውን ያዙ። ጠባቂው ጨርቁን ሲገልጠው ወደ ኋላ አለ።

"እትዬ! ሁዳዴ አይደለም እንዴ?"

"እኛ አንይዝም" አልኩና አንዴ ጎረስኩለት። እንደዚያ የጣፈጠኝ ጉርሻ አላስታውስም። ይጉረጥረጥ! ባሌ ሲበላ እያየ ምራቁን ይዋጥ!

በማግስቱ ሳህኑ እንደሄደ ተመለሰ። ቅቤው ረግቶ፣ እንጀራው ደርቆ። አሞት ይሆናል ብዬ ተጨነቅሁ፤ በቅቤ ላይ ቅቤ ጨምሬ ላክሁ። እሱም እንደሄደ ተመለሰ። አሁንም ላክሁ፣ አሁንም ተመለሰ። ጠባቂው ዙሪያውን አየና ጠጋ አለኝ።

"ሰውዬው 'እኔ ጾም ነኝ፣ አንተ ብላ' አለው። ባልሽ እጁን ሰበሰበ። 'ሰው እያየኝ ብቻዬን አልጎርስም፤ እንግዲያው እኔም ጾም ነኝ' ብሎ ቁጭ አለ። ደረቅ ዳቦ ነው አሁን ሁለቱም የሚበሉት። እትዬ፣ የባልሽ ሳል ደግሞ ብሶበታል፤ ደም አለው።"

ከበሩ ማዶ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። እግዚአብሔርን የተጣላሁት እዚያ ነው፣ ድምፄን አውጥቼ፣ መንገደኛ እየሰማ። "አንተ የማን ወገን ነህ? እኔ ነኝ የታመንኩህ! እኔ ነኝ ባሌን ለስምህ ያሳሰርኩ! እሱ የለም ሲልህ ኖሮ፣ አሁን ጾሙን ጠብቀህ ባሌን ልትገድልብኝ ነው?" ነፋሱ አቧራውን ፊቴ ላይ በተነው።

ቅቤውን ልመልስ ወደ ደንበኛዬ ሄድኩ። ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩላት። ሴትየዋ መጀመሪያ አፏን ይዛ አዳመጠች፣ ከዚያ ሳቋ መጣ።

"ያ ረቢ! አንቺ ሴትዮ፣ ባልሽን በቅቤ ልትገይው ነው?"

"ምን ላድርግ? ያንን ሰውዬ ልቀልብ?"

"አትቀልቢው። ባልሽን ቀልቢ። ያኛው እንደ ጥላው አብሮ ቢበላ ምን ቸገረሽ?" ቅቤዋን ወሰደችና ለቤቷ የሸመተችውን ተልባ በሙሉ በነጠላዬ ገለበጠችልኝ። "ይሄ ዘይት አይፈልግም፤ ለሚያስለውም ጥሩ ነው። ሲያልቅ ነይ።"

የቀበሌው ሱቅ የእስረኛ ሚስት ብሎ ዘይት ከከለከለኝ ሰንብቷል። ተልባ የሚባል ነገር እንዳለ እንኳ አላሰብኩም ነበር። አንዲት የእስላም ሴት የጾም እህል ለጴንጤ ሰጥታ የኦርቶዶክስ ካድሬ ልትመግብልኝ! እግዚአብሔር እንደዚህ ነው እንዴ የሚሠራው ብዬ ተቆጣሁ። ግን ተልባውን ቆላሁ፣ ወቀጥኩ። ሙቀጫው ውስጥ ያለው ያ ሰውዬ ነበር፤ አንዴ ስወቅጥ ለባሌ እጸልያለሁ፣ አንዴ ስወቅጥ እሱን እረግማለሁ። ተልባ ፍትፍቱን ላክሁ። ሳህኑ ተልሶ መጣ።

ተልባው ሲያልቅ ሴትየዋ ሌላ ሰጠችኝ። ባቄላ ሲገኝ ባቄላ፣ ሽንብራ ሲገኝ ሽንብራ። አንድም ቀን ባዶ እጄን በሩ ላይ አልቆምኩም፤ ከየት እንደመጣ ብጠየቅ የማልመልሰው ቀን ብዙ ነው። የባሌ ሳል መለስ አለ፣ ደሙም ቆመ ብሎ ጠባቂው ነገረኝ። ይቅር ብዬው ግን አይደለም! እንዲያውም አንድ ሐሳብ እያፋፋኝ ነበር። ይፈታል፣ በአጥሩ በኩል ብቅ ይላል፣ ማን እንዳበላው አውቆ አንገቱን ይደፋል፤ እኔም ዓይን ዓይኑን አየዋለሁ። ያችን ቀን እየተመኘሁ ነበር የምወቅጠው።

ደብረ ዘይት በዋለ ሰሞን ተልባዬን ይዤ ሄድኩ። ጠባቂው ፊቴን አላየም። ሳህኑን ተቀበለኝ።

"ባልሽ 'ከነገ ጀምሮ በቅቤ አድርጊልኝ' ብሏል።"

"ምን ነካው? ገና የሁዳዴው እኩሌታ እኮ ነው! ያ ሰውዬስ..."

አልጨረስኩም። ጠባቂው መሬት መሬት ያያል። ከእንግዲህ በዚያ ሳህን ላይ ጾም የሚይዝ ሰው የለም ማለት ነበር። በዚያን ጊዜ ሰው ከእስር ቤት በሁለት መንገድ ይወጣል፤ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

የለመንኩትን ሰጠኝ እንግዲህ። ደስታዬን ጠበቅሁት። አልመጣም። የመጣው ንዴት ነው። ቀድሞኝ ሊሄድ! አንገቱን ሳይደፋልኝ! በማግስቱ ቅቤ አልገዛሁም፤ እጄ ተልባውን ወቀጠ። ሳህኑ ሲመለስ ግማሹ በልክ ተበልቷል፣ ግማሹ አልተነካም። ያን ሳይ ነው ያለቀስኩት፤ ለማን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ከፋሲካ በኋላ ዝናቡ ሳይገባ ባሌ ተፈታ። ከሳሹ ስለሌለ ማን ይሟገተው? ያችን ቃል ሳይላት፣ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ፣ ግን በሕይወት፣ በሩን ገፍቶ ገባ። ውሃ አሙቄ እግሩን ሳጥበው "እግዚአብሔር ታማኝ ነው" አለኝ።

"ለማን?" አልኩት።

"ለሦስታችንም።" ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። "ሊወስዱት ስሙን ሲጠሩት መልእክት ነገረኝ፣ ላንቺ። 'ቅቤው ለእኔ እንደተላከ የመጀመሪያው ቀን ገብቶኛል በላት። በእሷ ቦታ ብሆን እኔ ከዚያ የከፋ አደርግ ነበር። ጾሜን ሳላፈርስ ልሞት ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ቤቷን ይባርክላት በላት' አለኝ።"

እግሩን ማጠቤን ትቼ ብድግ አልኩ። ከአጥሩ ወዲያ ያ ግቢ ባዶውን ተቀምጧል። ባሌን ያሳሰረብኝን ይቅር ብዬዋለሁ፤ ዓመታት ቢፈጅብኝም ብያለሁ። የመረቀኝን ግን ይቅር ማለት እስከ ዛሬ አልቻልኩም።