ማንኩሳ መግቢያ ላይ አልቆም ያለችው መኪናዬ

ይህ የደረሰብኝ በኢሕአዴግ ዘመን፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚወስደው መንገድ አዲስ አስፋልት በለበሰ ሰሞን ነው። ዛሬም ከፊቴ አህያ የሚጎትት ሰው ባየሁ ቁጥር እግሬ ፍሬን ይፈልጋል። ተሳፋሪ ሆኜ እንኳ ወለሉን እረግጣለሁ።

ያኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ የምሸጥባት ሱቅ ነበረችኝ። ልቤ ያለው ግን መኪናዬ ላይ ነበር። አራት በር ያላት አሮጌ የጣሊያን መኪና ነች፤ በደህናው ዘመኗ ለእሽቅድድም የምትፈለግ ነበረች አሉ። እኔ እጅ ስትገባ ግን ሚኒባሱ ሁሉ ጥሏት ይሄዳል። የከተማው ጎረምሳ "አሮጊቷን ግፏት!" እያለ ሲስቅብኝ ደሜ ይፈላል።

እልህ ያዘኝ። መካኒክ አላስነካም ብዬ በራሴ እጅ ገባሁበት። የጭሱን ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታዋን ቆርጬ ጣልሁ። ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተሯን አውጥቼ ከሌላ መኪና የተፈታ ትልቅ ካርቡሬተር ገጠምሁላት። ያም አልበቃ ብሎኝ፣ እንደ ልቧ አየር ትሳብ ብዬ የአየር ማጣሪያውን ከነሽፋኑ አነሣሁት። የካርቡሬተሩ ጉሮሮ ወደ ላይ አፉን ከፍቶ ቀረ። ስትነሣ ሰፈሩ ይናወጣል። እኔማ ጮቤ ረገጥሁ።

አንድ የገበያ ቀን ጧት ኮፈኗን ከፍቼ ስነካካት ቆይቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ የእናቴን የነፍስ አባት ይዤ ወደ ቡሬ ተነሣሁ። አባ ዘመድ ታሞባቸው ሊጠይቁ ነው። ከከተማ እንደወጣን አንድ ሚኒባስ አለፍሁ። ብዙም ሳልቆይ ሌላ ደገምሁ።

"ቀስ በል እንጂ ልጄ፣ በሽተኛው የት ይሄድብናል?" አሉኝ አባ። እየሳቅሁ ይብሱን ረገጥሁት።

ማንኩሳ ልንገባ ስንል መንገዱ ቁልቁል ይላል። ነዳጅ መስጫውን ለቀቅሁት። መኪናዋ ግን አልለቀቀችም። ጭራሽ እያጓራች ትከንፍ ጀመር። እግሬን አነሣሁና አየሁት፤ ምንም አልረገጥሁም።

ፍሬን ያዝሁ። ትንሽ ቀዝቀዝ አለችና እንደገና ጎተተችኝ። ደግሜ ስረግጥ ፍሬኑ እየላላ ሄደ፤ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ከፊታችን መንገዱን ገበያተኛ ሞልቶታል። ክላክሱን ተጭኜ አለቅም አልሁ። ሰዉ እየዘለለ ወደ ግራው ዳር ሸሸ። መሐል መንገድ ላይ አንድ ሰውዬ ብቻ ቀረ። በርበሬ የጫነች አህያው አልንቀሳቀስም ብላ ተገትራለች። እሱም ጥሏት አይሸሽ፤ አንገቷን አቅፎ ይጎትታል።

ገደልሁት፣ አልሁ። እውነቴን ነው፣ ገና ሳልደርስበት ሰውየውን ቀብሬው ነበር።

"ኧረ አጥፋት! ቁልፉን!" ብለው ጮኹ አባ። እጄ መሪው ላይ ደርቋል። እሳቸው ራሳቸው ተንጠራርተው ቁልፉን አዞሩት። ሞተሩ ጸጥ አለ። ያኔ ነቃሁና መሪውን ባለ በሌለ ጉልበቴ ወደ ቀኝ ጠመዘዝሁ። የአህያዋን ጭነት ፈትገን አለፍን፣ ቦዩን ዘለልን፣ ከዚያ ታጭዶ ያለቀ የጤፍ ማሳ ውስጥ ሄደን ቆምን።

በርበሬው መንገዱ ላይ ተበትኗል። ሰዉ ዱላውን ይዞ ወደ እኛ ይሮጣል። ባለ አህያው ቀድሞ ደረሰ።

"ውረድ! ውረድ ብያለሁ! ምን አደረግሁህ?" ይላል ዱላውን አንሥቶ።

ቢመታኝም አልፈርድበትም ነበር። አባ ግን መስቀላቸውን ይዘው ወረዱ። "እግዜር ይፍታህ ልጄ። አንተንም እኛንም አትርፎናል፤ ስለ መድኃኔ ዓለም ተወው" አሉት። ሰውየው ዱላውን ጥሎ መስቀሉን ተሳለመ። ወዲያው እዚያው ማሳው ላይ ቁጭ አለና አለቀሰ። እኔም አላስቻለኝም።

በርበሬውን ከሰዉ ጋር አብረን ለቃቅመን ጫንንለት። ከዚያ ተመልሼ ኮፈኗን ከፈትሁ። ካርቡሬተሩ ጉሮሮ ውስጥ ነጭ ጨርቅ ተሰንቅሯል። በጣቴ ስቤ ሳወጣው ቋጠሮ ነው፤ ከውስጡ ዐመድ ረገፈ። ነዳጅ አብዝቼ ስረግጥ አየሩ ስቦት ገብቶ፣ አየሩን የሚዘጋውን ትንሽ ክዳን ወጥሮ ይዞ አልዘጋ ያሰኘው እሱ ኖሯል።

አባ እጄ ላይ ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ።

"ይህማ እምነት ነው፣ የተባረከው ዐመድ" አሉ። "ትናንት ለእናትህ እኔው ነኝ የሰጠኋት። እንድትቀባው ነበር እኮ።"

"እናቴ ሰው ልታስገድለኝ ነበር!" ብዬ ጮኽሁ።

"ለእሷ አትንገር" አሉኝ ቀስ ብለው። "ይህን ከሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም።" ከዚያ የመጣውን ሚኒባስ አስቁመው ወደ ቡሬ ሄዱ።

መኪናዋን አስጎትቼ ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። እናቴ ሮጣ ወጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

"እጅህን ልትታጠብ ስትገባ እምነቱን ሞተሯ ላይ አድርጌልህ ነበር እኮ!" አለችኝ እያለቀሰች። "አየህ? እሱ ነው ያተረፈህ!"

መንገዱን ሙሉ ምን እንደምላት ሳሰላስል ነው የመጣሁት።

"አዎ እናቴ፣ እሱ ነው" አልኋት።

በማግስቱ ማጣሪያውን መልሼ ገጠምሁ። እሷንም "ከእንግዲህ ለመኪናዋ ተይና ለእኔ አድርጊልኝ" አልኋት። ከዚያ ወዲህ መንገድ ስወጣ ቋጠሮዋን ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ትከትና የኪሱን ቁልፍ ራሷ ትቆልፍልኛለች። ያን ቀን ሳስታውስ ንዴቱም ፍርሃቱም ዛሬም ይመጣብኛል። ይሁን እንጂ ባለፈው ቸኩዬ ቋጠሮዋን ሳልይዝ ወጥቼ፣ ማንኩሳ ልደርስ ስል ዞሬ ቤት ተመለስሁ።

"ምን ረሳህ?" አለችኝ።

ኪሴን ከፍቼ ፊቷ ቆምሁ።