ከካርቶኑ ጋር የመጣችው ሴትዮ

በዚህ ነገር ውስጥ የገባነው አምስት ሰዎች ነን። ስም አልጠራም፤ ግን አንድ በአንድ ልናገር። አንደኛው እኔ ነኝ። ክርያት ሞጽኪን አጠገብ ባለ የማሸጊያ ፋብሪካ ማሽን እጠብቃለሁ። የትምህርት ቤት ደጅ ሳልረግጥ አማርኛውን ከመጽሐፍ፣ ዕብራይስጡን ከመድኃኒት ካርቶንና ከአውቶቡስ ማቆሚያ ሰሌዳ ላይ ለቅሜ የተማርኩ ሰው ነኝ። በዚህ እኮራለሁ፤ ኩራቱ ምን እንዳደረገኝ ከታች ይመጣል። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ ቤታችን ውስጥ ነገር ሲከር የምታረግበው እሷ ናት። ሦስተኛዋ ልጃችን ናት፤ ውትድርናዋን ጨርሳ በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ፣ ነርስ ለመሆን የቆረጠች የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ። አራተኛው ሃሊሳ ሰፈር የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ከጎንደር ጀምሮ የእኔንም የባለቤቴንም ወገን ያውቃሉ፣ በመካከላችን ጠብ ሲነሣ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። አምስተኛው ሀዳር ሃካርሜል በሚባለው ሰፈር ላፕቶፑን የሸጠልን ባለሱቅ ነው።

ከእነዚህ ሌላ አንዲት ሴትዮ አለች፤ ሰው ግን አይደለችም። ትከሻዋ የተራቆተ፣ የቁማር ካርታ በእጇ የያዘች፣ ከስክሪኑ ጥግ ብቅ እያለች በዓይኗ የምትጠቅስ ሥዕል ናት። ቤቴን ያመሰችው እሷ ናት።

ላፕቶፑን የገዛነው ልጃችን ወደ ነርስነት መሰናዶ ትምህርት ልትገባ ስለነበር ነው። እዚህ መኺና ይሉታል። ለመግባት ፈተና አለ፤ ፈተናውን ተማሪው በቤቱ፣ በራሱ ኮምፒዩተር፣ ካሜራው ፊቱን እያየው ይፈተናል። የእሷ ቀን እሑድ ነበር፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ከቀትር በኋላ በአራት ሰዓት። ያ ቀን ካለፈ ቀጣዩ ከአራት ወር በኋላ ነው። እሷም ማለፏን ስላልተጠራጠረች በመጦሪያው በወሩ መጨረሻ ሥራ እንደምትለቅ አስቀድማ ተናግራ ነበር።

ባለሱቁ ካርቶኑን ሲያስረክበን «ሁሉም ነገር በውስጡ አለ፣ ብዙ ማታናም አለው» አለን። ስጦታ ማለቱ ነው። እኔም ደስ አለኝ። ቤት ገብተን ስንከፍተው ስክሪኑ በትናንሽ ሥዕሎች ተሞልቷል። ሠላሳ ያህል ቆጠርኩ። ለከፈልኩት ገንዘብ ብዙ ዕቃ ያገኘሁ መስሎኝ ሠላሳውንም በፍቅር አየኋቸው።

በቤቴ ሕግ አለ። ኮምፒዩተር ሳሎን ጠረጴዛ ላይ፣ ስክሪኑ ወደ ኩሽና ዞሮ ይቀመጣል፤ ማንም የሚያየውን ሁሉም ያየዋል። ልጄ ሕጉን አክብራ እዚያው ታጠና ነበር። እሷ ሥራ ስትሄድ እኔ ተቀምጬ ፊደል መምታት እለማመዳለሁ። በሦስተኛው ቀን ስሜን ለመጻፍ ስታገል ሴትዮዋ ብቅ አለች። ነጻ ሳንቲም ሰጥታ ቁማር ልታጫውተኝ ፈለገች። በአንዱ ጥግ ስዘጋት በሌላው ጥግ መጣች።

ማቀዝቀዣ ገዝቻለሁ፣ አልጋ ገዝቻለሁ፣ ልብስ ማጠቢያ ገዝቻለሁ። በአዲስ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሌላ ሰው ምሳ ተቀምጦ አግኝቼ አላውቅም። ስለዚህ ሐሳቤ አጭር ነበር፤ ዕቃው አዲስ ነው፣ አዲስ ደግሞ ንጹሕ ነው፣ እኔ አላስገባኋትም፣ ያስገባችው እንግዲህ ልጄ ናት።

«ይህች ማን ናት?» አልኳት ስትመለስ።

«ፒርሶሜት ናት አባዬ። ማስታወቂያ።»

«ማን አስገባት?»

«ማንም። ከኮምፒዩተሩ ጋር ነው የመጣችው።»

«ሁለት ሺህ አራት መቶ ሸቅል የከፈልኩበት ዕቃ ላይ ማን ነው ማስታወቂያ የሚለጥፈው? በገዛ ቤቴ በር ላይ ለሚለጥፍ ሰው እኔ ነኝ የምከፍለው?»

«አዎ፣ እንደዚያ ነው» አለችና ሳቀች።

የሳቀችው በነገሩ ነው። እኔ ግን በእኔ የሳቀች መሰለኝ፤ በዕብራይስጥ የተማሩ ልጆች አባታቸው ያልገባው ነገር ሲኖር የሚስቁትን ሳቅ መሰለኝ።

በማግስቱ ቀይ መስኮት ወጣ። ፊደል በፊደል አነበብኩት፤ ኮምፒዩተርህ አደጋ ላይ ነው፣ ጥበቃህ ሊያበቃ ነው ይላል። ይህንንም አንድ ኩባንያ ዕቃውን ሊሸጥልኝ የጻፈው መሆኑን አላወቅኩም። እንደ ፖሊስ ወረቀት አነበብኩት፤ ልጄ መጥፎ ቦታ ሄዳ ያመጣችው አደጋ ነው፣ ምስክር ተገኘ አልኩ። ላፕቶፑን ዘግቼ ከበዓል ልብሴ ሥር፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

«እውነቱን ተናግረሽ ይቅርታ ስትጠይቂ ይወጣል።»

«እሑድ ፈተና አለኝ።»

«እስከ እሑድ ብዙ ቀን አለ።»

«ያላደረግኩትን አድርጌያለሁ አልልም።»

ይህን ቃል ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ትንሽ ሆና የተሰበረ ብርጭቆ ባገኘሁ ቁጥር፣ ያደረግሽውን አትካጂ፣ ያላደረግሽውን አትቀበዪ እያልኩ ነው ያሳደግኳት። ያን ቀን ግን ቃሌን ከአፏ ስሰማው ድፍረት መሰለኝ። ሁለት ቀን ሳንነጋገር አንድ ጠረጴዛ ላይ በላን። እሷ የፈተናውን መጽሐፍ በእርሳስ እየሠራች ትለማመድ ነበር፤ ሰዓት የሚቆጥረውን መለማመጃ ግን ያለ ኮምፒዩተር ልትሠራው አትችልም።

«ለአንዲት ሥዕል ብለህ የልጄን ዓመት ልታቃጥል ነው?» አለች ባለቤቴ። መልሴን አልጠበቀችም፤ ሃሊሳ ላሉት ሽማግሌ ደወለች።

አባትና ልጅ ሲኳረፉ ሽማግሌ ይገባል፤ ሽማግሌ ከገባ ደግሞ በር አይዘጋም። ዓርብ ጧት መጡ። ባለቤቴ ከዓርብ ሥራዋ ቀርታ ተቀበለቻቸው። መጀመሪያ እኔን ሰሙ፣ ቀጥለው ልጄን ሰሙ፤ አንዳችን ስንናገር ሌላችንን አፍ አላስከፈቱንም። ላፕቶፑን አስወጡና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ስለ ኮምፒዩተር የሚያውቁት ነገር እንደሌለ እሳቸውም አልደበቁም።

«ከማን ገዛኸው?» አሉኝ።

«ከሱቅ ነው አባ።»

«በአገራችን ላም ገዝተህ ብትራገጥብህ፣ ሻጩም እኔ ዘንድ ደኅና ነበረች፣ ያንተ ልጆች ናቸው ያበላሿት ቢል፣ ሽማግሌ ምን ያደርጋል? ተነሥቶ ሻጩ በረት ይሄዳል። እኅቶቿ ይራገጡ እንደሆነ ያያል። በሉ ተነሡ፣ በረቱን እንየው።»

አራታችን ወደ ሱቁ ወረድን፤ ልጄ ላፕቶፑን በብብቷ ይዛለች። ዓርብ ስለሆነ ሱቁ ሊዘጋ ነበር። ባለሱቁ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ለገዙት ላፕቶፕ ካርቶኑን በምላጭ እየቀደደ ነበር። ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ እኛም ከኋላቸው ቆምን። ባለሱቁ አራት ሐበሻ ዝም ብሎ ሲያየው ግራ ገባው።

«ምን ልታዘዝ?»

«ሥራህን ሥራ» አልኩት። «እናያለን።»

ላስቲኩን ላጠው። ከፈተው። ቋንቋ መረጠ፣ እሺ፣ እሺ፣ እሺ እያለ ተጫነ። ስክሪኑ በሥዕል ተሞላ። ከዚያ ከጥጉ፣ ትከሻዋ እንደተራቆተ፣ ካርታዋን እንደያዘች፣ ጠቀሰችን።

«አየሃት?» አሉኝ ሽማግሌው።

«አየኋት አባ።»

«ይችንም ልጅቱ ናት ያስገባቻት?»

ባለቤቴ ሳቋን በነጠላዋ ያዘች። ልጄ አልሳቀችም፤ ወደ መንገዱ ትመለከት ነበር።

ባለሱቁን በዕብራይስጥ ጠየቅኩት። ነገሩ አላሳፈረውም። «ሁሉም ላይ አለ። ኩባንያዎቹ ለአምራቹ ይከፍላሉ፣ ላፕቶፑም በዚያ ይረክሳል።»

«በስንት ይረክሳል?»

«ምን አውቄ። መቶ ሸቅል ምናልባት። ካስጠላህ በሁለት መቶ ሃምሳ አጸዳልሃለሁ።»

«ቆሻሻ ሸጠህልኝ አሁን ደግሞ ለማጽጃ ልክፈልህ?»

«እኔ አላቆሸሽኩትም። እንደመጣ ነው የሸጥኩት። ቤሰደር?» አለኝ፤ ተስማማን ወይ ማለቱ ነው።

አሮጊቷ የማጽጃውን ዋጋ ሰምተው እንደ አውቶቡስ ሒሳብ ከቦርሳቸው አውጥተው ከፈሉት። የእሳቸው ዝምታ ከባለሱቁ መልስ ይልቅ አናደደኝ። ሰው በገዛ ገንዘቡ በገዛው ዕቃ ላይ ሲደፈር፣ ይህ ወግ ነው ብሎ መቀበልን የት ተማረው?

ሽማግሌው ግን ነገራቸውን አልጨረሱም። «አባት ለልጁ ካሳ ይክፈል ብዬ ፈርጄ አላውቅም፤ ዛሬም አልፈርድም። ግን በሰው ፊት ከሰስካት። በሰው ፊት ክሱን አንሣላት።»

እዚያው ባንኮኒው አጠገብ ቆሜ «አንቺ አላስገባሻትም። የተሳሳትኩ እኔ ነኝ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። ባለሱቁ ለእሱ የተናገርኩ መስሎት «ምን አልከኝ?» ብሎ ጠየቀ።

«ቤሰደር አባዬ» አለች ልጄ። ይህን ቃል ከእሷ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አለቀ ማለት አይደለም።

ደጅ ስንወጣ «ከፈተናው በኋላ ራሴ አጠፋቸዋለሁ» አለችኝ። «እስከዚያ አትንካው።»

«አይንኩት በይ፣ አባትሽ ናቸው እኮ» አለች እናቷ።

«እሺ። አይንኩት።»

ቅዳሜ፣ በሰንበት፣ ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ተዘግቶ ዋለ። ስበላም ስጸልይም አየው ነበር። ለእሑድ ከፋብሪካው ፈቃድ ወሰድኩ፤ ቤቱ ጸጥ እንዲል፣ ጎረቤት እንዳያንኳኳ በር እጠብቃለሁ ብዬ ነው። ልጄ ጧት ሥራ ገባች፣ በሦስት ሰዓት ትመለሳለች። እኔም ብቻዬን ከላፕቶፑ ጋር ቀረሁ።

ምክንያት ነበረኝ። ሴትዮዋ በፈተናው መካከል ብቅ ብትል፣ ልጄም ዓይኗን ወደ ጥጉ ብታዞር፣ ካሜራው አይቷት ከሌላ ወረቀት ትቀዳለች ቢሏትስ? ይህ እውነተኛ ፍርሃት ነው። ሌላው እውነት ግን፣ በእጄ ያበላሸሁትን በእጄ ላስተካክለው ፈለግኩ። ለባለሱቁም ሁለት መቶ ሃምሳውን ላለመስጠት ምያለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ማንም ሳያሳየኝ የተማርኩ ሰው ይህ ያቅተኛል?

አላቃተኝም፤ ጥፋቱ ያ ነው። ፕሮግራሞቹ የተዘረዘሩበትን ቦታ አገኘሁት። ከቀዩ ጀመርኩ። እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። በመሄድህ አዝነናል አለኝ፤ የት እንደምሄድ እንጃ፣ ቤቴ ነው የተቀመጥኩት። ለምን እንደጠላሁት አምስት መልስ ደርድሮ ምረጥ አለኝ፤ የእኔ መልስ ከአምስቱ ውስጥ አልነበረም። ቀጥዬ ሴትዮዋን አጠፋሁ። ቀጥዬ ገበያውን፣ የአየር ሁኔታውን፣ የሆቴሉን። እጄ ጣፈጠው። ከዚያ የአምራቹን ስም የያዙ በላቲን ፊደል የተጻፉ ቀሩ። የላቲን ፊደል ስሙን ከመለየት በቀር አላነብም። ቆሻሻውን የጫነው አምራቹ ነው፣ እንግዲህ ስሙን የያዘ ሁሉ ይውጣ ብዬ ፈረድኩ። ሲያልቅ ስክሪኑ የተጠረገ ግቢ መሰለ። ደስ ብሎኝ ሻይ ጠጣሁ።

ልጄ ገብታ ባዶውን ስክሪን አየችና ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች። ተቀመጠች፣ የፈተናውን ገጽ ከፈተች። ካሜራ አልተገኘም አለ። አጥፍታ አበራች። ካሜራ አልተገኘም። ወደ መኺናው ስልክ ደወለች፤ ሙዚቃ አሰሟት። አራት ሰዓት ሞላ። በሩ ተንኳኩቶ እንዳይረብሻት ልጠብቅ የቀረሁት ሰው ከወንበሯ ጀርባ ቆሜ ነበር። አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ገጹ ተዘጋ፤ ፈተናውም አለፈ።

«አባዬ፣ ምን አጠፋህ?»

«የአምራቹን ስም የያዘውን ሁሉ።»

«ካሜራውን የሚያስነሣውንም?»

«ካሜራ የሚል አላየሁም።»

እናቷ ኩሽና በር ላይ ነበረች። ይህን ጊዜ አነጋገሯን አላረመችም።

ልጄን ሁልጊዜ የምላት አለ፤ ሳያስፈቅድ ሰው ቤት ገብቶ ዕቃ የሚያስቀምጥ፣ ያስቀመጠው ስጦታ ቢሆንም፣ ደፋሪ ነው። አሁንም እላለሁ። ያ ኩባንያ ደፍሮኛል፣ ባለሱቁም እያወቀ አስደፍሮኛል። ላፕቶፑ ግን የእኔ አልነበረም፤ የእሷ ነው። ሳላስፈቅዳት ቆለፍኩት፣ አትንካው እያለችኝ ጠረግኩት። ከእነሱ የሚለየኝ እኔ አባት መባሌ ነው፤ ይህ ደግሞ ጥፋቱን አያቀለውም።

ሰኞ ላፕቶፑን ይዤ ወደዚያው ሱቅ ወረድኩ። ባለሱቁ ካሜራውን በሩብ ሰዓት መለሰው፣ የተረፈውንም ጠረገ፣ ሁለት መቶ ሃምሳውን ቆጥሮ ተቀበለኝ። አልሳቀብኝም። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። ልጄ ለቀጣዩ ፈተና ተመዝግባለች፤ በመጦሪያው የነበራትን ቦታ ግን ለሌላ ሰው ሰጥተውት ስለነበር ሌላ ሥራ እስክታገኝ አንድ ወር ቤት ተቀመጠች። ላፕቶፑ ከሳሎን ወጥቶ በእሷ ክፍል ነው። እኔ ነኝ ውሰጂው ያልኳት።

ሒሳቡ ይህ ነው። ከእኔ ለማጽጃው ሁለት መቶ ሃምሳ፣ ለቀረሁበት ቀን ሦስት መቶ ሃያ። ከባለቤቴ የዓርብ ሥራዋ መቶ ሰማንያ። ከሽማግሌው የታክሲ ዘጠና፤ ልመልስልዎ ብላቸው አልተቀበሉኝም። ከልጄ ለአዲሱ ምዝገባ አራት መቶ ዐሥር፣ የአንድ ወር ደመወዟ አምስት ሺህ አራት መቶ። ከባለሱቁ ምንም። በመቶ ሸቅል ለረከሰ ላፕቶፕ፣ ከዋጋው ሌላ፣ በጠቅላላው የከፈልነው ስድስት ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ ሸቅል ነው።