የዶሮ ቤት የደገፈው ብረት

በጎንደር ከተማ መኪና የሚያውቅ ሰው ቢጠፋ አንድ እኔ አለሁ። የቴክኒክ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም። የናፍጣ ሞተር የተማርሁት እየፈታሁ ነው፤ የገጠምሁትም አብዛኛው ይነሳል።

አምና በነሐሴ የባለቤቴ እህት ባል ከደባርቅ ማዶ ባለችው መካነ ብርሃን ከተማ አረፈ። በኪራይ መኪና ለቀብር ወጣን። ከተማዋ ልትታይ ስትል ካለው ጭቃ ዳገት ላይ መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ቦይ ውስጥ ገባ። ባለቤቴ ጉልበቷን ያማታል፣ በእግሯ አትዘልቀውም። እህቷ ባሏን ስትቀብር እሷ መንገድ ዳር ተቀምጣ አለቀሰች።

«ለሙት ዓመቱ በራሴ መኪና አደርስሻለሁ» አልኋት።

«እስቲ» አለች። በእሷ አፍ «እስቲ» ስድብ ነው።

በአራቱም ጎማ የሚጎትት ያገለገለ የናፍጣ መኪና ስፈልግ ከረምሁ። የጎንደር ደላሎች ክፉ መኪና አይተው አያውቁም። አንዱ ሞተሩን አጥቦ ያቀርብልኛል፤ ዘይት የማያፈስ ሞተር ማን ያጥባል? ሌላው በብርድ አልነሳ ማለቱን እንዳላይ እኔ ሳልደርስ አስነስቶ ያሞቀዋል። ኮፈኑን ዳበስ አድርጌ «ትኩሳት አለበት፣ ይተኛ» ብዬ እመለሳለሁ።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ አንድ ደላላ ነጭ መኪና ይዞ መጣ።

«አያ፣ ይቺ ዝንጀሮ ናት። ገደል ትወጣለች።»

«እስቲ ጭቃ ላይ እንያት።»

«ታጥባ እኮ ነው የመጣች።»

«ታጥቦ የሚቀመጥ ብፈልግ ሳህን እገዛ ነበር።»

አንገረብ ወንዝ ዳር ወሰድኋት። የፊት ጎማዎቹንም የሚያስጎትተውን ማንሻ ስቤ ነዳጅ ሰጠሁ። የኋላዎቹ ጭቃ እየረጩ ዞሩ፤ የፊቶቹ እንደ ክብር እንግዳ ቁጭ ብለው ተመለከቱ። ደላላው ሱሪው ላይ ያረፈውን ጭቃ እየጠረገ «ትንሽ ደክሟት ነው» አለ። በጀርባዬ ተንሸራትቼ ከሥሯ ገባሁ።

«አያ፣ ሚስት ነው የሚያጩት ወይስ መኪና የሚገዙት?»

«ሚስቴንማ እንዲህ አላየኋትም።»

ለፊት ጎማዎቹ ኃይል የሚያደርሰው ረጅም ብረት የለም። የመኪናዋ ባለቤት ከተማ ለከተማ ሲነዳ ናፍጣ እንዲቆጥብለት አስወጥቶታል። ማንሻው ለጌጥ ቀርቷል።

«ብረቱ የት ገባ?»

ደላላው ለባለቤትየው ደወለ፣ ብዙ አዳመጠ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አለ። የዶሮ ቤቱን ደግፎ ቆሟል።»

ሌላ ሰው ቢሆን ጥሎ ይሄድ ነበር። እኔ ግን የቀረውን ሁሉ ፈትሼ ጤነኛ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ የጎደለውም አድራሻው ታውቋል። ገዛኋት። ብረቱን ራሴ ገጠምሁት። ዶሮዎቹ የት እንዳደሩ አልጠየቅሁም።

በሙት ዓመቱ ዋዜማ ተነሣን። እስከ ደባርቅ ስለ ሞተሩ፣ ከደባርቅ ወዲያ ስለዚያ ብረት አስረዳኋት። ባለቤቴ ውዳሴ ማርያም ትደግም ነበር፤ እየሰማችኝ እንደሆነ ግን አውቃለሁ።

ዳገቱ ሥር ስንደርስ ይዘንባል። ማንሻውን ሳብሁ። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፣ ወደ ቦዩ ሸተት አለች፣ ከዚያ የፊት ጎማዎቹ ድንጋይ ነክሰው ጎተቷት። ባለቤቴ ጸሎቷን አቋርጣ የአምናውን ቦይ በመስኮት አየችው። ከዚያ ጸሎቷን ካቆመችበት ቀጠለች። እኔም የምለው ስላልጠፋኝ ሁለታችንንም ወክዬ ተናገርሁ።

እህቷ ደጅ ቆማ ነበር። ተቃቅፈው ብዙ አለቀሱ። በኋላ እህትየው ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ «ምነው እንዲህ ቆየሽ?» አለቻት።

ባለቤቴ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች። «መኪና ሲመርጥልኝ።»

ሁለቱም እንባቸው ሳይደርቅ ሳቁ። እውነቷን ነው፤ ስመርጥ አልቸኩልም።