ዳኛውን በላብ ያጠመቀ ምድጃ

ባለቤቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ መቱ ሲመደብ ከተጋባን ሰባት ወራችን ነበር። ስለ ዝናቡ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ያጠብኩት አንሶላ ሳምንት ሙሉ ተሰጥቶ ይሰነብትና፣ ሳይደርቅ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። አንድ ቀን እርጥቡን አንሶላ ታቅፌ ሳለቅስ ባለቤቴ ደረሰብኝ። በሳምንቱ ለሥራ ጎሬ ሄዶ ሲመለስ አራት ሰው ተጋግዞ ከጭነት መኪና ያወረደው የብረት ምድጃ ይዞልኝ መጣ። የገዛው ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ከሚሸጥ አንድ ግሪካዊ ቡና ነጋዴ ነው።

ምድጃው ከሥሩ አየር የሚያስገባ ትንሽ በር፣ ከላዩ ጭሱን በጣሪያ የሚያወጣ ቧንቧ አለው። ቧንቧው ላይ ደግሞ የሚዞር እጀታ አለ። ነጋዴው አያያዙን አስረድቶት ነበር፤ ባለቤቴ ግን መቱ እስኪደርስ ተምታታበት። መምታታቱን ደግሞ ቢሞት አያምንም።

«እሳቱ ሲበረታ ይህን እጀታ ጥርቅም ማድረግ ነው» ብሎ ቧንቧውን ዘጋው። ወዲያው ቤቱ በጭስ ታፈነ። እየሳልን ወደ ደጅ ስንሮጥ፣ ቤት የተቃጠለ መስሏቸው ጎረቤታችን እትዬ ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዘው ደረሱ። ባለቤቴ ዓይኑን እያሸ «አይስጉ እትዬ፣ የፈረንጅ ዕቃ ስለሆነ ነው» ብሎ አሠራሩን ከሀ እስከ ፐ አስረዳቸው። እሳቸውም ባልዲያቸውን እንደያዙ በትዕግሥት አዳመጡት።

ከዚያ ወዲያ እጀታውን የነካ የለም። ጠባችን ወደ ታችኛው በር ወረደ። እሱ ብርድ አይችልም፤ ይከፍተዋል። ለሳምንት ያልኩት እንጨት በሁለት ቀን ሲያልቅ የማየው እኔ ነኝ፤ ዞር ሲል እዘጋዋለሁ። እሳቱ ግን ስዘጋው ጭልጭል ብሎ ይጠፋል፣ ሲከፍተው ያገሳል፤ መካከለኛ የሚባል ነገር አያውቅም።

እንዲህ ስንባባል አንድ እሑድ የባለቤቴን አለቃ፣ ዳኛውን፣ ምሳ ጋበዝን። ባለቤቴ ከጠዋት ጀምሮ ደረቅ የቡና ግንድ ጠቀጠቀበትና በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ዳኛው ካፖርታቸው በዝናብ ርሶ ገቡ። የክብር ወንበራቸው ከምድጃው ሥር ነበር።

«እሰይ! ቤት ማለት ይኼ ነው» አሉ።

ዶሮው ሲቀርብ ካፖርታቸውን አወለቁ። ቀጥሎ ኮታቸውን። ከዚያ ከረባታቸውን ፈታ አደረጉ። ላቡ ከግንባራቸው ወደ እንጀራው ሊንጠባጠብ ሲል በመሐረብ ይቀልቡታል። ቧንቧው ቀልቷል። ባለቤቴ ግን የፊታቸውን መቅላት ያየው በሌላ መልኩ ነው።

«ብርዱ ገና አልለቀቀዎትም፣ ጌታዬ» ብሎ ሌላ ግንድ ጨመረ። በጠረጴዛው ሥር ቆነጠጥኩት። አልገባውም።

በመጨረሻ ዳኛው ተነሡ። «እስቲ... ትንሽ ዝናብ ልይ» ብለው በሸሚዛቸው ወጥተው በረንዳው ጫፍ ላይ ቆሙ። ከመቱ ሰው ዝናብ ናፍቆት ሲወጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እትዬ ለእንግዳው ብለው የተቀቀለ ጎደሬ ይዘው ሲመጡ በረንዳው ላይ አገኟቸው። «ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ! ዳኛውን አባረራችኋቸው?» እያሉ ገቡና ምድጃው ሥር ቁጢጥ አሉ። ረመጡ ላይ አመድ ነሰነሱ። ትንሿን በር የጣት ስፋት ያህል እስክትቀር ገፏት።

«ሱታ፣ ልጄ። ቀስ በቀስ። እሳት በታች አፉ ነው የሚበላው። እሱን ያዥው፤ ላይኛውን ለጭሱ ልቀቂለት።»

ግሳቱ በረደ። እሳቱም አልጠፋ፤ ዝም ብሎ ፍም ሆነ።

«እትዬ፣ ይህን የት ተማሩት?»

«ጎሬ፣ ነጋዴው ቤት ስሠራ። ይህንኑ ምድጃ ስንት ዘመን አንድጄዋለሁ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አሉን?»

ወደ ባለቤቴ ዞር አሉ። «እሱ ሲያስረዳኝ እንዴት አቋርጠዋለሁ?»

ከበረንዳው የዳኛው ሳቅ ተሰማ። ተመልሰው ገብተው በሸሚዛቸው እስኪጠግቡ በሉ፤ ጎደሬውንም አልማሩት። ሲወጡ እጄን ጨብጠው «የታችኛው በር ላንቺ ተፈርዷል፤ ይግባኝ የለውም» አሉኝ።

ባለቤቴ ፍርዱን ተቀበለ። ሰኞ ዕለት ግን ቢሮ ገብቶ ባልደረቦቹን ስለ እሳት አያያዝ ሲያስተምር ዋለ አሉ።