ሰብሚት የምትለዋ ቁልፍ

ያኔ አስተምርበት የነበረው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሉማሜ ብዙም አይርቅም፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባሕር ዛፍ መካከል ነው ያለው። የኮምፒውተር ክፍሉ ግቢው ጥግ ላይ የብረት በር ያለው አንድ ክፍል ነበር። ከኮምፒውተሮቹ ግማሾቹ ይሠራሉ፤ የቀሩት ለሚሠሩት መለዋወጫ ሆነው ያገለግላሉ። እኔ ከመመደቤ በፊት ክፍሉ አብዛኛውን ጊዜ ተቆልፎ ይከርም እንደነበር ከአቧራው ያስታውቅ ነበር።

አንድ ቀን ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠሩኝና የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ብሔራዊ ፈተናውን በኮምፒውተር ሊፈተኑ መሆኑን ነገሩኝ።

«ወረቀት የለም?» አልኳቸው።

«ወረቀት የለም። ሌላው ሌላው ይቅር፣ ማውስ መያዝ ብቻ ይቻሉልን።»

ከትምህርት ሰዓት በኋላ በየተራ እያስገባሁ ማለማመድ ጀመርኩ። ስልክ የማያውቅ ተማሪ አልነበረም፤ ኮምፒውተር የነካ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረጉት ስክሪኑን በጣት መንካት ነበር። ስክሪኑ ዝም ሲላቸው ጫን ብለው ደገሙት። ማውሱን ሳስይዛቸው ደግሞ አንዱ እየገፋ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደርሶ «ቲቸር፣ ጠረጴዛው አለቀ» አለኝ። አንስቶ መመለስ እንደሚቻል ማሳየት ነበረብኝ። አንዷ ፓስዎርድ ስትጽፍ «የጻፍኩት ሁሉ ነጥብ ሆነብኝ» ብላ ልታለቅስ ደረሰች። እነዚህን ነገሮች ማንም አስተምሮኝ ስለማያውቅ፣ መማር የሚያስፈልጋቸው መሆናቸውን ያወቅሁት ያኔ ነው።

በር አጠገብ ሁልጊዜ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ ነበረች። ከሌሎቹ በዕድሜ ትበልጣለች። አስረኛ ክፍል ላይ ተድራ አቋርጣ፣ ልጅ ወልዳ የተመለሰች ናት። ባሏ ለቀን ሥራ ወደ መተማ ከወረደ ቆይቷል። እሷ ክፍል ውስጥ ስትሆን አማቷ ሕፃኗን አዝለው ግቢው በር ላይ፣ ከዘበኛው ጎን ይቀመጣሉ። ዘበኛው አያስገባቸውም፤ እሳቸውም አይሄዱም።

ተማሪዋ ፈጣን ነበረች። ማውሱን ከሁሉም ቀድማ ለመደችው። የማለማመጃውን ጥያቄዎች እያነበበች፣ መልሷን እየመረጠች፣ አልፋ እየተመለሰች ታርማለች። ችግሯ መጨረሻው ላይ ነው። ሁሉንም ጨርሳ መልስ ማስረከቢያዋ «ሰብሚት» የምትለዋ ቁልፍ ዘንድ ስትደርስ እጇ ይቆማል። ማውሱን እንደያዘች ሰዓቱ ያልቃል። አንድ ቀን ቢሆን አላስተውለውም ነበር፤ በየተራዋ ሲደጋገም ግን አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?»

«እያየሁት ነው።»

«አይተሽ ጨርሰሻል እኮ። ንኪው።»

«ይህን ከነኩ ወዲያ መመለስ የለም ብለውናል።»

«በፈተናው ነው እንጂ ይኼ ልምምድ ነው። ምንም አይሆንም።»

«አውቃለሁ» አለች፤ አልነካችውም።

ሌሎች ተማሪዎች ስለሚጠሩኝ ትቻት ሄድኩ።

በሌላ ቀን ሕፃኗ በጣም አለቀሰች። ዘበኛው ልቅሶው ሰልችቶት ይሁን አዝኖ አላውቅም፣ አማቷን አስገባቸው። በሩን ገፋ አድርገው ገቡና ምራታቸውን ፈለጉ። አጠገባቸው ናት፤ እንደተለመደው እጇን ማውሱ ላይ ጭና ተቀምጣለች።

«ምን ሆና ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሁሉን ጨርሳለች፣ እናቴ። ያቺን አንዲት ነገር መንካት ነው የቀራት። ጨርሻለሁ ማለት ነው።»

ስክሪኑን አጎንብሰው አዩት። ያነበቡት ነገር ያለ አይመስለኝም። ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞረው፦

«ልጂቱ ረሃቧ ነው። ጨርሰሽ ከሆነ ጨርሻለሁ በይ፤ አልጨረስሽ ከሆነ ንገሪኝና ይዣት ልውጣ» አሏት።

ነካችው። ስክሪኑ ላይ ውጤቷ መጣ። ሳታየው ተነስታ ልጇን ተቀበለች፤ በነጠላዋ ሸፈን አድርጋት ጥጉ ላይ ማጥባት ጀመረች። ሌሎቹ ተማሪዎች ዞር ብለው አይተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ አማቷ ክፍሉ ውስጥ እንዲቀመጡ ፈቀድኩ። ምክትሉ ጎራ ሲሉ አይተው «ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ሕፃን?» ብለው ጠየቁ። አማትዬዋ «ምንም አልነካችም፤ ተኝታለች» አሏቸው። ምክትሉ ሕፃኗን አየት አድርገው ሄዱ። ነገሩ በዚያው ቀረ።

ክፍሉ ሲለቀቅ ከአማትዬዋ ጋር አልፎ አልፎ አወራለሁ። ትምህርቱን የፈለገችው ተማሪዋ ብቻ መስሎኝ ነበር። «እኔ ነኝ ተመለሺ ያልኳት» አሉኝ። «ልጄ ከሄደ እኔና እሷ ነን። አንዳችን እንኳ አንድ ነገር እንወቅ ብዬ ነው።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው ስለ ከብት መኖ ከሚያወሩበት ድምፅ የተለየ አልነበረም።

በመካከሉ መንገድ ተዘጋ። በእኛ አካባቢ መንገድ ሲዘጋ ትምህርቱም ኔትወርኩም አብሮ ይጠፋል። ሲከፈት ከተማሪዎቹ የተመለሱት ከፊሎቹ ናቸው። ማን ለምን እንደቀረ አልጠየቅሁም። እሷ ከነአማቷ መጣች። የቀረን ጊዜ ጥቂት ስለነበር ማለማመጃውን ብቻ ደጋገምን፤ የመጨረሻዋን ቁልፍም ስትነካ አየሁ። ትንሽ ትዘገያለች እንጂ ትነካዋለች።

ለፈተናው ተማሪዎቹ በአውቶቡስ ተጭነው ደብረ ማርቆስ ሄዱ። እኔ አልሄድኩም። ስትመለስ እንዴት ነበር ብዬ ጠየቅኳት። አጠገቧ የነበረችው ልጅ ከሌላ ወረዳ የመጣች ሆና ማውሱን በሁለት እጇ ይዛ እንደነበር ነገረችኝ። «ልነግራት ፈልጌ ነበር፣ ቲቸር፤ መናገር ክልክል ነው። እጄን ጎተት አድርጌ አያያዙን ሳሳያት ተቆጡኝ።» «ሰብሚቱንስ?» አልኳት። «ነካሁት» አለች፤ ፈገግ አለች።

ውጤት የወጣ ዕለት ኔትወርክ በስልክ እምቢ ስላለ ብዙዎቹ ወደ እኔ መጡ። እየተጋፉ የየራሳቸውን የፈተና ቁጥር አስገቡ። የደስታ ድምፅ የተሰማው ጥቂት ጊዜ ነው። የእሷ ተራ ሲደርስ ቁጥሩን ራሷ ጻፈች፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜ አየሁ። አላለፈችም። እንግሊዝኛው ጥሩ ነው፤ ፊዚክሱና ሒሳቡ ጎትተው ጥለዋታል።

ስክሪኑን ስመለከት እሷ ቀደመችኝ።

«ኮምፒውተሩ አይደለም፣ ቲቸር። ፊዚክሱ ነው።»

ልታጽናናኝ ነው የተናገረችው። የፊዚክስ መምህር ሆኖ የከረመ ሰው እንዳልነበረን ሁለታችንም እናውቃለን።

አማቷ በር ላይ ነበሩ። «ምን አለ?» አሉ።

«ወድቄአለሁ።»

«ድጋሚ ይፈትናሉ?»

«በግል ይቻላል፣ እናቴ» አልኳቸው እኔ።

«እንግዲያው ምን ትቆሚያለሽ፣ ነይ እንሂድ። ቆሎ እንኳ አልቀመስሽም» አሏትና ወጡ።

በሚቀጥለው ዓመት እኔ ወደ ደምበጫ ተዛወርኩ። እዚያም ኮምፒውተር ክፍል አለ፤ እዚያም ስክሪኑን በጣት ይነካሉ፤ አሁን ግን የምጀምረው ማውሱን አንስቶ ከመመለስ ነው። ስለ እሷ ለረጅም ጊዜ ምንም አልሰማሁም፤ ላጣራም አልሞከርኩም። አስተማሪ በእጁ የሚያልፉትን ተማሪዎች ሁሉ ቢከተል ሌላ ሥራ አይሠራም።

ከዕለታት አንድ ቀን ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አውቶቡስ ስጠብቅ አንዲት ሴት ክንዴን ያዙኝ። አማትዬዋ ናቸው። ሕፃኗ በእግሯ ቆማ ቀሚሳቸውን ይዛለች።

«አለፈች እኮ!» አሉኝ፣ ሰላምታውን ሳይጨርሱ። «በሁለተኛው። ሪሚዲያል ነው ምን ነው የሚሉት የማካካሻ ትምህርት ደረሳት፤ እሱን ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ሩቅ ነው የመደቧት፤ አገሩን ስሙን አልይዝልህም።»

ደስ ብሎኛል አልኳቸው። ደስ ብሎኝም ነበር። ልጇንስ ታያታለች ወይ፣ አልኳቸው።

«ልጇማ ከኔ ጋር ናት። በስልክ ታወራታለች። ይቺ ግን» ብለው የልጅቷን ራስ ዳሰሱ፣ «ድምፅዋን አትለየውም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ሳደርግላት ወደኔ ትሸሻለች። ለእናትዬዋ አልነገርኳትም። ተኝታለች እላታለሁ።»

የደምበጫው አውቶቡስ ረዳት እየጮኸ ነበር። እርስዎ ደህና ይሁኑ አልኳቸው፤ ልጅቷን ጉንጯን ሳምኩና ገባሁ። ቦታ ያገኘሁት ከኋላ ነው። አውቶቡሱ ሲወጣ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ገበያው በኩል ሲያዘግሙ በመስኮት ታዩኝ።