ባንዳው አበ ልጄ

የታሰርሁት በጣሊያን ጊዜ፣ ቡሬ ገበያ ላይ ነው። ባሌ አርበኛ ሆኖ ጫካ ገብቶ ነበር፤ በቋጠሮዬ ውስጥ በሶ ስላገኙ ስንቅ ልታቀብል ነው ብለው ወሰዱኝ። የመውለጃዬ ወር ገብቶ ነበር።

ያስገቡን የበቅሎ ጋጣ በነበረ ቤት ነው። ስድስት ሴቶች ነበርን። የሽንቱ ሽታ ከግድግዳው አልለቅ ብሎ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት እዚያው ጭዱ ላይ ወንድ ልጅ ወለድሁ። እትብቱን የቆረጡልኝ አብረውን የታሰሩ መነኩሴ ናቸው። እመብርሃን ትመስገን፣ ሁለታችንም ተረፍን።

ጠባቂያችን ባንዳ ነበር። ባንዳ ጣሊያኖቹ ከአገሬው ለመለመሉት ጦር ያወጡት የራሳቸው ስም ነው። መጀመሪያ የገቡት በኩራት "ባንዳ ነኝ" ይሉ ነበር። ቤት ሲያቃጥሉ፣ መንገድ ሲመሩ ካየን በኋላ ግን ቃሉ በእኛ አፍ ስድብ ሆነ። ጠባቂው በር ሲከፍት ሴቶቹ፣ "ባንዳው መጣ፤ ጌቶችህ እንዴት አደሩ?" ይሉታል። ውኃውን አስቀምጦ ይወጣል።

አርባው ቀን ተቃረበ። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ይጠመቃል፤ ልጄን ደግሞ ሳል ይዞታል። ሳይጠመቅ ቢሞትስ? ለመነኩሴዋ ስነግር ጠባቂው ሰማ። ነጩ አለቃው ወደ ሽንዲ ስለሚሄድ፣ ልጁን ቤተ ክርስቲያን ወስዶ ራሱ ክርስትና እንደሚያነሣልኝ ነገረኝ።

ሴቶቹ ተቆጡ። ልጁን መያዣ አድርገው ባሌን እጅ ሊያሰጡት ነው አሉኝ።

"እትዬ፣ ባንዳነቴን አልክድም" አለ እሱ። "ማዕተቤን ግን አልበጠስሁም።"

መነኩሴዋን አየኋቸው። "የወለድሽው አንቺ ነሽ፣ ልጄ" አሉኝ።

ሳይቆርብ ስለማይጠባ፣ በአርባው ቀን ማለዳ ጡት ሳልሰጠው ለጠባቂው አስረከብሁት። ፀሐይዋ አልሄድ አለች። ወተቴ ቀሚሴን አረጠበው። ሴቶቹ ጀርባቸውን ሰጡኝ።

ቀትር ላይ በሩ ተከፈተ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ልጁን በገዛ ኩታው ጠቅልሎ ታቅፎታል። በልጁ አንገት ማዕተብ ታስሯል፤ ሜሮኑ ይሸታል። የልጁን የክርስትና ስም ነገረኝ። የራሱንም ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። ተነሥቼ ቆምሁ፤ ሴቶቹ እየሰሙ፣ "እግዜር ይስጥልኝ፣ አበ ልጄ" አልሁት። አቀርቅሮ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ መሳደቡን ተዉት፤ ከአንዷ በቀር። እሷ ቤቷ የተቃጠለባት ናት፤ አልፈረድሁባትም።

ልጄ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ከተፈታሁ ወዲህ ጠባቂው የት እንደ ደረሰ አላወቅሁም። ባንዳ የሚለው ቃል ግን አለ፤ የልጅ ልጆቼ ሲጣሉ ይሰዳደቡበታል። ከየት እንደ መጣ ሲጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ፤ የተቃጠሉትንም ቤቶች አልደብቅም።

ስጸልይ ግን ያን ሰው የማነሣው በክርስትና ስሙ ነው።