የውሃ አባቱና የቦዩ ጫፍ

ይሻው የውሃ አባት ከሆነ ስድስት ዓመቱ ነው። ከጉና ሥር ከተጠለፈው ቦይ አሥራ አራት ቤተሰብ በበጋ ድንች ያጠጣል፤ ለየማሳው ሁለት ሁለት ሰዓት የሚያደላድል እሱ ነው። ከዳዊት ተነሥቶ በመዝገበ ቃላት እንግሊዝኛን ራሱን ያስተማረ ሰው ነውና፣ አንድ የመስኖ ባለሙያ ስለ ቦዩ በእንግሊዝኛ የጻፉትን ወረቀት ለእሱ ትተውለት ሄዱ።

በወረቀቱ ላይ ስለ ውሃው አከፋፈል የተጻፈች አንዲት ቃል አላስቀምጥ አለችው፤ «ኢንኤክዊተብል»። መዝገበ ቃላቱን ገለጠ፦ ለእያንዳንዱ የሚገባውን የማይሰጥ፣ ሚዛነ ጎደሎ። ከሥሩም ምሳሌ አለ፦ ርስቱ ለወራሾቹ ያላግባብ ተከፋፈለ።

«እኔ? ሚዛነ ጎደሎ?»

ለማንም አንዲት ደቂቃ ጨምሮ አያውቅም። ማን ከሰሰው? ልቡ ወደ ዓለሚቱ ሄደ። ማሳዋ ቦዩ ጫፍ ላይ ነው፤ ባለሙያውን የሸኘችም እሷ ናት። እሁድ ከቅዳሴ ስትወጣ አንገቷን ደፍታ አልፋዋለች። ነገር ያለበት ሰው ነው እንዲህ የሚሆን፣ አለ በልቡ።

ማክሰኞ ጠዋት ተራዋ ነበር። ወትሮ ከቦዩ አፍ የማይነቃነቀው ይሻው ውሃውን ከፍቶላት ቁልቁል ወረደ። ዶማዋን ተደግፋ ቆማለች።

«ለእንግዳ ስሜን አንሥተሽ ኖሯል።»

«ማን አለ?»

«ወረቀቱ።»

«ወረቀትም አፍ አወጣ? አያ ይሻው፣ ለእንግዳስ አላማሁዎትም። በልቤ ግን አምቻለሁ፤ ለላይኛው አማችዎ ብለው ውሃዬን ቀድመው ይዘጉታል እያልሁ።»

«በሰዓት ነው የምዘጋው!»

«እንግዲያ ይዩታ፤ ከከፈቱልኝ ስንት ሆነ?»

አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው፤ ትልሙ ግን ደረቅ ነው። ራሷ ገድባው ይሆናል ብሎ ጠርጥሮ ቦዩን ይዞ ሽቅብ ወጣ። ግድብ የለም። ውሃው በአይጥ ጉድጓድ እየሰረገ፣ ደረቁ አፈር እየጠጣው፣ እያዘገመ ሲመጣ አገኘው። አብሮት ወረደ። ትልሟን ሲነካ፣ ከተከፈተ አንድ ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ሆኖት ነበር።

ይሻው ድንበሩ ላይ ተቀመጠ። ስድስት ዓመት ሙሉ የቆጠረው ከቦዩ አፍ ነው። ከአፉ አጠገብ ያለው አማቹ ሁለቱን ሰዓት ሙሉ ይጠጣል፤ እሷ ሃምሳ ደቂቃ። ሰዓቱ እኩል ነበር፤ የሚገባትን ግን አልሰጣትም።

«ተመስገን፣ ሳልሞት አሳየኸኝ» አለና ተነሣ። «ዓለሚቱ፣ ሰዓትሽ የሚጀምረው አሁን ነው። ከዛሬ ወዲያ ለሁሉም የምቆጥረው ውሃው ማሳው ሲገባ ነው።»

«አማችዎ ሲቆጡስ?»

«ይቆጣ።»

አላመነችውም። ድንቿን እያጠጣች፣ ሁለቱ ሰዓት እስኪሞላ ድረስ ደጋግማ መጥታ የእጅ ሰዓቱን ታይ ነበር።